የላሊበላ ታሪክና የመዝገበ ዕውቀት የጥራት መመዘኛ

አንድ መዝገበ ዕውቀት መልካም ነው የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ ነው የሚለው ጥያቄ ለቤተ መጻሕፍት፥ ለመዛግብትና ለታሪክ ጥናት ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ጥያቄው አዲስ መልክ የያዘው ግን ዊኪፔዲያ የተባለው፥ ማንኛውም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለው መዝገበ ዕውቀት እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ነው። ዛሬ ስለ አንድ አገር፥ ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ቅርስ ለማወቅ የሚሻ እጅግ ብዙ አንባቢ አስቀድሞ የሚገልጠው ይህንኑ መዝገብ ሆኗል። ወደ ላስታ ለመጓዝ የሚያስብ እንግዳም ሆነ በውጭ አገር ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ከቅዱስ ላሊበላ ሥራ ጋር በመጀመሪያ የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የኅብረት መዝገበ ዕውቀቱ የጥራት መመዘኛዎች ከየት እንደ መጡ ከተገለጸ በኋላ፥ የላሊበላ ታሪክ በእነዚሁ መመዘኛዎች ሲመዘን ምን እንደሚታይ ይመረመራል። ላሊበላ ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ገድል አለ፤ የዘመኑ የርስት ሰነድ አለ፤ የመንገደኛ ዘገባ አለ፤ የአርኪዎሎጂ ጥናት አለ፤ መሠረት የሌለው ፈጠራም አለ። እነዚህን አምስቱን በአንድ ገጽ ላይ እያንዳንዱን በየማዕረጉ ማስቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመመዘኛው አመጣጥ

ከዊኪፔዲያ በፊት፥ በ2000፥ ኑፔዲያ የተባለ ሌላ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ተቋቁሞ ነበር። መሥራቹ ጂሚ ዌልስ፥ ዋና አዘጋጁም ላሪ ሳንገር ነበሩ። በኑፔዲያ ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት የምርመራ ደረጃዎችን ማለፍ ነበረበት። የሥርዓቱ ዓላማ የተቀደሰ ቢሆንም ውጤቱ እጅግ የዘገየ ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ደረጃ አልፈው የወጡት ጽሑፎች ሁለት ደርዘን እንኳ አልሞሉም። ዊኪፔዲያ የተፈጠረው ለዚሁ ዝግታ መፍትሔ እንዲሆን ሲሆን፥ የሥራው ቅደም ተከተል ተገለበጠ፤ ይኸውም ጽሑፉ መጀመሪያ ይወጣል፥ ምርመራው ኋላ ይከተላል።

የዚህ አሠራር ጉዳት ብዙም ሳይቆይ ታየ። ጆን ሲገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ2005 በስማቸው የወጣው የሕይወት ታሪክ ከኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ጋር በሐሰት ያያይዛቸው ነበር፤ ሐሰቱም ለአራት ወር ያህል ማንም ሳያርመው ቆየ። ሆኖም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት የ42 የሳይንስ ርእሶችን ጽሑፍ ከዊኪፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች ባስመረመረ ጊዜ በመጀመሪያው 162፥ በሁለተኛው 123 ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካ የምርመራውን አካሄድ አጥብቆ ተቃወመ። ቢሆንም ልዩነቱ ብዙ ሰው እንደ ገመተው የሰማይና የምድር ያህል አለመሆኑ ታወቀ።

ከእንዲህ ያለው ልምድ በመነሣት ሦስት ዐበይት ደንቦች ጸንተው ቆሙ። አንደኛው፥ እያንዳንዱ ቃል በታተመና በሚታመን ምንጭ የሚረጋገጥ መሆን አለበት ይላል። ሁለተኛው፥ ጸሐፊው የራሱን አዲስ ግኝት ወይም ግምት በመዝገቡ እንዳያስገባ ይከለክላል። ሦስተኛው፥ ልዩ ልዩ አስተያየቶች እንደ ማስረጃቸው ክብደት ሚዛናዊ ሆነው እንዲቀርቡ ያዝዛል። በእነዚህ ላይ የማዕረግ መሰላል ተጨመረ። ገና ጅምር የሆነው ጽሑፍ ከታች ይቀመጣል፤ «ጥሩ ጽሑፍ» የሚለውን ማዕረግ ለማግኘት አጻጻፉ የጠራ፥ ምንጩ የሚረጋገጥ፥ የርእሱን ስፋት የሚሸፍን፥ ሚዛናዊ፥ በክርክር ምክንያት በየቀኑ የማይለዋወጥና በሥዕል የተደገፈ መሆን ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ያለው «ምርጥ ጽሑፍ» የሚለው ማዕረግ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛው መዝገብ ይህን የሚያገኘው ከሺህ ጽሑፍ አንዱ ገደማ ብቻ ነው።

የአልቫሬዝ መሐላ

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለውጭ አገር አንባቢ በሰፊው የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ከቆየው መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጣ ሲሆን፥ መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ የቄሱ ዮሐንስን አገር የሚመለከት «እውነተኛ» ዘገባ መሆኑን ያውጃል። አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ፥ የሚያነበው ሰው አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል።

በአልቫሬዝ ዘመን ጸሐፊ ቃሉን የሚያስታምነው በመሐላ ነበር። የዛሬው መመዘኛ በመሐላ ፈንታ ምንጭ ይጠይቃል። አልቫሬዝ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ መጻፉ ግን ለዛሬው አንባቢ ከመሐላው ይልቅ የሚጠቅም ነው። የሕንጻዎቹን ቅርጽ፥ ዐምድና መስኮት የገለጸው ራሱ አይቶ ነው። ሥራው በ24 ዓመት ተፈጸመ፥ የሠሩትም ነጭ ሰዎች ናቸው የሚለውን ግን የአገሩ ሰዎች ነገሩኝ በማለት ነው ያቀረበው። ለሠራተኞቹ የሰጠው ስም የግብጥን ሰዎች የሚያመለክት ይመስላል።

ይህች ከሰሚ ሰሚ የተላለፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ተጓዘች። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1550 ወደ ኢጣልያንኛ ተተርጉሞ ራሙዚዮ ባሳተመው የጉዞ መጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ገባ። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ በ1868 ላሊበላን ጎበኘ፤ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬይም በ1882 ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈውን መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። ሥራው የባዕዳን እጅ ነው የሚለው ሐሳብ በየመጻሕፍቱ ሲደጋገም «ነገሩኝ» የምትለው ቃል ቀስ በቀስ ወደቀች፤ ወሬውም ራሱን የቻለ እውነት መስሎ ታየ። በዘመናችንም ግራሃም ሃንኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1992 ባወጣው መጽሐፍ የቤተ መቅደስ ባላባቶች የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች በላሊበላ ሥራ እጃቸው እንዳለበት ገመተ። ለዚህ ግምት የሚቆም የዘመኑ ሰነድ የለም። ግምቱ ግን በብዙ ቋንቋ ታትሞ በብዙ ሺህ አንባቢ እጅ ገብቷል።

እንግዲህ ምንጭ መጥቀስ ብቻውን ጥራት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የሃንኮክ መጽሐፍ የታተመ ነው፤ ገጹ ሊጠቀስ ይችላል። ጥያቄው የተጠቀሰው መጽሐፍ ነገሩን ከየት አገኘው የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻው ቢበዛም የላስታን ጠራቢዎች እጅ ከሥራቸው ላይ ይነጥቃል።

ገድል፥ ሰነድና ዐለት

ለላሊበላ ታሪክ የሚያገለግሉት የአገር ውስጥ ምንጮች ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ነው። በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀው ገድለ ላሊበላ ነው። ከዚህ ገድል ከፊሉን ዡል ፔሩሾን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ1892 በፓሪስ አሳትሟል። ገድሉ የተጻፈው በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ይታመናል። ይህም ማለት ከንጉሡ ዕረፍት ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በገድሉ እንደ ተተረከው ንጉሡ ወደ ሰማይ ተወስዶ የአብያተ ክርስቲያናቱን አምሳል አየ፤ በሥራውም ጊዜ መላእክት ረዱት። ነገር ግን ያው ገድል ንጉሡ የመጥረቢያና የመቆፈሪያ መሣሪያ እንዳሠራ፥ ሠራተኞችን ሰብስቦ ደመወዛቸውን እንደ ከፈለም ይናገራል። ስለ መላእክቱ ብቻ የሚጠቅስ ጸሐፊ የገድሉን ግማሽ ነው ያነበበው።

ሁለተኛው ዓይነት ምንጭ የርስት ሰነድ ነው። በጥንት ጊዜ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚሰጠው ርስት በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍም ወንጌል ዘወርቅ ይባላል። በሽመዛና በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅ ውስጥ ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው ርስት ተመዝግቧል፤ አንደኛው ሰነድ የ1225 ነው። ይህን መዝገብ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አሳትሞታል። ሰነዱ ስለ መላእክትም ስለ ባዕዳን ጠራቢዎችም አይናገርም። የሚናገረው ስለ መሬት፥ ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ፥ በዘመኑ ሹመት ላይ ስለ ነበሩት ሰዎች ነው። ንጉሡ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዙፋን ላይ እንደ ነበረ በቅድሚያ የሚመሰክረው ይህን የመሰለ ጽሑፍ ነው። በላሊበላ ካሉት የእንጨት መንበረ ታቦቶች አንዳንዶቹም የንጉሡ ስም ተቀርጾባቸዋል።

ሦስተኛው ምንጭ ዐለቱ ራሱ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ2009 ባሳተመው መጽሐፉ አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን እንዳልተፈለፈሉ፥ እንደ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያሉት መጀመሪያ የተጠረቡት ከላሊበላ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ደግሞ በ2010 አንቲኩቲ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፥ ከዐለቱ ተጠርቦ የወጣውን የድንጋይ ክምርና የቦዮቹን አቆራረጥ በመመርመር ቦታው በተከታታይ ጊዜያት እንደ ተሠራና እንደ ተለወጠ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች በዝርዝሩ ባይስማሙም ሥራው የረጅም ዘመን ሥራ መሆኑን አብረው ያመለክታሉ። የረጅም ዘመን ሥራ ደግሞ ለአንድ ትውልድ ከመጣ እንግዳ ይልቅ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ለኖረ ሕዝብ ይበልጥ ይስማማል። በላሊበላ ዙሪያ በብልባላ፥ በገነተ ማርያምና በአሸተን ማርያም ያሉት ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም የዚህ ሙያ ምስክሮች ናቸው።

አንድም እያሉ ማስቀመጥ

የሚዛናዊነት ደንብ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ባዕድ አይደለም። በአንድምታ ትርጓሜ የአንድ ቃል ምሥጢር ሲተነተን መምህሩ አንዱን ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ሁለተኛው ስለ መጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ ተለያይቶ ሲኖርም ተማሪው የትኛው ቃል የየትኛው ቤት እንደ ሆነ እንዲያውቅ ይጠበቅበት ነበር። መልካም የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የተናጋሪውን ማንነት ሳይሰውር ልዩ ልዩውን ቃል ጎን ለጎን ያቀርባል።

ለዚህ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ጥሩ ምሳሌ ነው። በየገዳማቱ የሚገኙት የነገሥታት ዝርዝሮች በነገሥታቱ ቁጥር አይስማሙም። የዘመኑንም ርዝመት አንዳንዱ 333፥ ሌላው 133 ዓመት ያደርገዋል። መጨረሻው ይኩኖ አምላክ የነገሠበት 1270 መሆኑ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች 133ቱን ዓመት ወደ ኋላ በመቁጠር መጀመሪያውን 1137 ያደርጉታል። አንድ መዝገብ «የዛጔ ሥርወ መንግሥት ከ1137 እስከ 1270» ብሎ ቢዘጋው ንጹሕና ቁርጥ ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንባቢው የመጀመሪያው ቁጥር በስሌት የተገኘ፥ ስሌቱም ከሁለት ዝርዝሮች አንዱን በመምረጥ የተደረገ መሆኑን አያውቅም። ይህን በአንድ ተጨማሪ ዐረፍተ ነገር የሚገልጸው ጽሑፍ ብዙ ባይረዝምም እጅግ የታመነ ይሆናል።

የዳግማዊት ኢየሩሳሌም ነገርም እንዲሁ ነው። በላሊበላ ዮርዳኖስ፥ ጎልጎታና ደብረ ዘይት የሚሉ ስሞች መኖራቸው በዓይን የሚታይ ነው። ሳላሕ ዲን በ1187 ኢየሩሳሌምን ስለ ያዘና የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች መንገድ ስለ ተዘጋ ንጉሡ ምትክ ከተማ አሠራ የሚለው ግን ከስሞቹ ተነሥቶ የተሰጠ ማብራሪያ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ነበሩ። ዩኔስኮ ለዓለም በሚሰጠው አጭር መግለጫ የተሳላሚዎቹ ጉዞ መቋረጥ እንደ ምክንያት ተጠቅሷል። ከዚያ መግለጫ የጉዞ መጻሕፍት ይቀዳሉ፤ ከጉዞ መጻሕፍት ጋዜጦች ይቀዳሉ፤ መዝገበ ዕውቀቱም ጋዜጦቹን ይጠቅሳል። ቅጂው በበዛ ቁጥር ምስክሩ የበዛ ይመስላል፤ ሁሉም ግን ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ነው።

ያልታተመው ዕውቀት

የኅብረት መዝገበ ዕውቀቱ ደንብ ከባድ ችግር የሚገጥመው ከዚህ በኋላ ነው። ደንቡ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። የላስታ ዕውቀት ግን አብዛኛው በብራናና በሊቃውንት ቃል ያለ ነው። የታተመውም ቢሆን የታተመው ሩቅ ነው። ገድለ ላሊበላ በፓሪስ ከፈረንሳይኛ ጋር፥ ገድለ ነአኩቶ ለአብ በ1943፥ ገድለ ይምርሐነ ክርስቶስም በ1995 በኢጣልያ ከኢጣልያንኛ ጋር ታትመዋል። የላሊበላ ተወላጅ የአያቶቹን ታሪክ «በሚታመን ምንጭ» ለማረጋገጥ ቢፈልግ የማያውቀውን ቋንቋና የማይደርስበትን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቀዋል። እንዲህ ሲሆን አልቫሬዝ ከሰማው ወሬ ጋር በግርጌ ማስታወሻ ይቀመጣል፤ የደብሩ መምህር ግን ስለ ደብሩ የሚያውቀው ሁሉ «ማስረጃ የለውም» ይባላል።

ደንቡን ማፍረስ መፍትሔ አይሆንም። ማንም ያልታተመ ቃል እንዲያስገባ ቢፈቀድ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ፈጠራን የሚነዛው ሰው ይሆናል። መፍትሔው ዕውቀቱን ወደ ሕትመት ማምጣት ነው። በዚህ ረገድ የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ታደሰ ታምራት ሁለቱም በ1972 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የአገሩን ምንጭ ከውጭው ጋር አገናዝበው የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ጽፈዋል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን ያነሣ ሲሆን፥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊው ስም የተፈረመበትና የምንጩ ዝርዝር የተያያዘበት ሥራ ነው። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም ጽፈውበታል። ይሁን እንጂ ቋንቋው እንግሊዝኛ፥ ዋጋውም ለአንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የማይሞከር ነው።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ በበኩሉ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ሲኖሩት፥ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። ከአማርኛዎቹ ብዙዎቹ ከጥቂት መስመር የማያልፉ ጅምሮች ናቸው። የቁጥሩን ልዩነት መቀነስ በራሱ ግብ ሊሆን አይገባውም፤ በችኮላ የሚተረጎም ጽሑፍ የአልቫሬዝን ሰሚ ሰሚ በአማርኛ ከመድገም አያልፍምና።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው የሚወጣው ትምህርት፥ የመዝገበ ዕውቀት ጥራት የሚወሰነው በመዝገቡ ገጽ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከመዝገቡ በስተጀርባ የታተመና የታመነ ምንጭ ከሌለ የተሻለው መመዘኛ እንኳ ሊመዝን የሚችለው የሌሎችን ቃል ብቻ ነው። ስለዚህም የሥራው ትልቁ ድርሻ በባለሙያው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። የላስታ ነገሥታት ገድሎች በግዕዝና በአማርኛ ጎን ለጎን ሆነው በአገር ውስጥ ሊታተሙ ይገባል። በማይክሮፊልም የተነሡት የርስት ሰነዶች ለአማርኛ አንባቢ በሚገባ መግለጫ ሊዘረዘሩ ይገባል። በየደብሩ ያሉት ሊቃውንት የሚያውቁት ነገር በፈቃዳቸው ሲመዘገብ የተናጋሪው ስም፥ ማዕረግ፥ ደብርና የተነገረበት ቀን አብሮ ሊጻፍ፥ በጉባኤ ከተመረመረ በኋላም በመጽሔት ሊወጣ ይገባል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ወንጌል ዘወርቅን የጻፉት ሰዎች ሰጪውን፥ ተቀባዩንና የዘመኑን ሹማምንት በስም ሳይጠሩ አንድ ጋሻ መሬት አልመዘገቡም። የላስታ ሊቃውንት ቃል በዚያው ጥንቃቄ ተመዝግቦ ሲታተም፥ ፖርቱጋላዊው ቄስ አምስት መቶ ዓመት ያህል ለብቻው በተቀመጠበት የግርጌ ማስታወሻ የደብሩ መምህርም በስሙ ይጠቀሳል።